ጥንስስ ዝም ሲል እርሾ ፍለጋ

የበዓል ሰሞን ሲቃረብ በሐዋሳ ገበያ የጌሾና የብቅል መደብ ይሞቃል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የሚውለው የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከየአቅጣጫው እንግዳ ወደ ከተማዋ ያመጣል። ፋሲካው፣ ሠርጉና ተዝካሩ ሲታከልበት ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ይበዛል። ከሚጠምቁት መካከል ደግሞ ሥራውን በእናታቸው ጓዳ ሳይማሩ ከተማ ያደጉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋን የሚያጥኑ አሉ።

ነባሯን ጠማቂ ከአዲሷ መለየት ለጌሾ ሻጭ አያስቸግርም። ነባሯ ጌሾውን በመዳፏ አሽታ ታሸተዋለች፤ ብቅሉን በጥርሷ ሰብራ ታጣጥመዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የምትከራከረው። አዲሷ ግን የተሰጣትን ሁሉ በዘንቢል ከከተተች በኋላ ቆም ትላለች።

«እማማ፣ እርሾውንስ ከየት ልግዛ?» የአዲስ ጠማቂ የተለመደ ጥያቄ ነው። የሻጯም መልስ የተለመደ ነው፤ «እርሾውማ በእጅሽ ይዘሽዋል፣ ልጄ።»

መልሱ አጭር ቢሆንም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጠያቂዋን አያሳምናትም። ቤቷ ገብታ ትጠነስሳለች፤ በማግሥቱ ክዳኑን ስታነሣ ጥንስሱ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። አይፈላም፣ አረፋም የለውም። ያን ጊዜ ወደ ሱቅ ትሮጣለች። የዳቦ እርሾ ገዝታ ትሞጅርበታለች፤ ወይም ስኳር ታክልበታለች፤ ወይም ፀሐይ ላይ ታወጣዋለች። ለእንግዳ የታሰበው ጠላ መበላሸት የሚጀምረው፣ የእህሉ፣ የጌሾው፣ የማገዶውና የጉልበቱ ዋጋ ለአተላ የሚዳረገው ከዚህ ጥድፊያ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለጠማቂም ይሠራል።

ጠላ ለመሸጥ ያሰበ ሰው፣ ጌሾና ብቅል የሚነግድ፣ ወይም ከውጭ የሚገባ እርሾ የሚያከፋፍል ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተዋል። ገንዘቡ የሚጠፋበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ የንግዱ መጀመሪያ ነውና።

አንድ ቃል፣ ሦስት ነገር

ግራ መጋባቱ የሚመጣው በከፊል ከቃሉ ነው። በአማርኛ «እርሾ» ሲባል አንደኛ የእንጀራ ሊጥ ማቡኪያው ነው። ሁለተኛ በሱቅ በእሽግ የሚሸጠው የዳቦ እርሾ ነው። ሦስተኛ ሳይንሱ «እርሾ» የሚለው፣ በዓይን የማይታየውና ስኳር እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያወጣው ሕዋስ ነው።

የእንጀራ እርሾ ለጠላ አይሆንም። በውስጡ ከእርሾ ሕዋስ ጋር የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎች በብዛት ስላሉ ጠላውን ከጅምሩ ወደ ኮምጣጣነት ይወስደዋል። የሱቁ እርሾ ደግሞ ለዳቦ የተመረጠ ነው፤ ተግባሩም በአጭር ጊዜ ብዙ ጋዝ አውጥቶ ሊጡን መንፋት ነው። ጠላ የራሱ መነሻ አለው፤ ስሙም ጥንስስ ይባላል።

እርሾው ጌሾው ላይ ነው

ጥንስስ ማለት የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ተነክሮ፣ እንደየቤቱ ልማድ ጥቂት የብቅል ዱቄት ታክሎበት፣ ለጥቂት ቀናት ተከድኖ የሚቀመጠው ነው። ከውጭ እርሾ የሚጨምርበት የለም። ሕዋሱ የሚመጣው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከማሰሮው ግድግዳ ነው።

ሳሙኤል ሳህለና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ ጠላ አፈላል ባሳተሙት ጥናት ሥራውን የሚመራው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የተባለው እርሾ መሆኑን አሳይተዋል። ይኸው ዝርያ ዳቦውንም የሚነፋው ነው። ቀደም ሲል በአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የጠጅ ጥናትም ከተገኙት እርሾዎች የበዛው ይኸው ነበር።

ጌሾው እርሾውን ተሸክሞ ከመምጣቱም በላይ ያግዘዋል። መራራነቱን ከሚሰጡት ውሁዶች አንዱ ጌሾይዲን ይባላል፤ ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች በ1995 እ.ኤ.አ. መርምረው አሳትመውታል። መራራው ነገር አንዳንድ አበላሺ ባክቴሪያዎችን ይገታል። ቢራ ፋብሪካዎች ሆፕ የሚባለውን አበባ የሚጨምሩበት ምክንያትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በደቡብ የሚጠመቀው ቦርዴ ደግሞ ጌሾ ሳይገባበት ይፈላል። በዚያኛው የጠመቃ ስልት ሸክሙ በብቅሉና በዕቃው ላይ ይወድቃል። ከበደ አበጋዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ቦርዴ አዘገጃጀት በ2002 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል። ጌሾ የሌለው ቦርዴ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ትኩሱን ይጠጣል፤ ጌሾ የገባበት ጠላ ግን ለቀናት ይቆያል። ለነጋዴ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የጌሾ ዋጋ የመዓዛ ብቻ ሳይሆን የዕድሜም ዋጋ ነው።

ዝምታው ለምን?

እንግዲያው እርሾው ካለ ጥንስሱ በመጀመሪያው ቀን ለምን ዝም ይላል? መልሱ በቁጥር ነው። በጌሾው ላይ ያለው ሕዋስ ጥቂት ነው። ምቹ ሙቀትና ምግብ ካገኘ አንዱ በ2 ሰዓት ገደማ ሁለት ይሆናል። በዚህ ሒሳብ አንድ ሕዋስ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ4,000 በላይ፣ በሁለት ቀን ከ16 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል ማለት ነው። በተግባር ምግቡ ስለሚወሰን ቁጥሩ እንዲህ ያለ ገደብ አይዘልቅም፤ አካሄዱ ግን ወለድ ወለድን እየወለደ እንደሚያድግ ብድር ነው። መጀመሪያ ምንም የሌለ ይመስላል፤ ኋላ በአንድ ጊዜ ይገነፍላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ዝምታ ሞት አይደለም። ሁለተኛው ቀን ላይ ከዳር ከዳር ጥቃቅን አረፋ ካለ፣ ጌሾው ወደ ላይ ከተንሳፈፈ፣ ሽታው ከጥሬ ቅጠልነት ወጥቶ ሰርሰር ካለ ሥራው ተጀምሯል። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ ከበቀለበት ግን ጥንስሱ ይደፋል፤ ገፍፎ መጠቀም አያዋጣም። ስስ ነጭ ሽፋን ብቻ ከሆነ አየር መግባቱን ያመለክታል፤ ተገፍፎ ክዳኑ ይጠበቃል፣ ሽታው እየታየ ይቀጥላል። የኮምጣጤ ሽታ ከመጣ አልኮሉን በአየር ረዳትነት ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ገብተዋል፤ ይህን የሱቅ እርሾ አይመልሰውም።

የደብረ ብርሃን ቀን ለሐዋሳ አይሆንም

የሐዋሳ ነዋሪ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። ሙያውም እንዲሁ። የጠላውን አሠራር በስልክ የምታስተምረው አክስት ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ማርቆስ ልትሆን ትችላለች። «ጥንስሱን አራት ቀን አቆዪው» ስትል የምትናገረው ስለ ራሷ ቤት ብርድ ነው።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። የሐይቋ ከተማ በበጋው ወራት ቀኑ ሞቃት ነው። እርሾ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ደስ ብሎት ይሠራል። በደጋው አራት ቀን የሚፈጀው በሐዋሳ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። አራተኛውን ቀን የምትጠብቅ ጠማቂ የደረሰውን ጥንስስ አሳልፋ ለአኮምጣጮቹ ትሰጣለች። በክረምት ዝናብ ወቅት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀኑ ሲቀዘቅዝ ጥንስሱ ይዘገያል፣ ሥጋቱም ያኔ ይብሳል። ቀን ከመቁጠር ምልክት ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሙቀት ሲበዛ ሌላ አደጋ አለ። በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ዕቃ ውስጡ ይግላል፤ እርሾው ይዳከማል፤ ሙቀት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዛሉ። ጥላ ያለበት፣ ወለሉ ቀዝቃዛ የሆነ ጓዳ ይመረጣል።

ከሁሉ የከፋው ግን ያልበረደ ደረቆት ነው። ጥንስሱ ሲደርስ የተጋገረው ቂጣ፣ ደረቆቱና ብቅሉ ተጨምረውበት ድፍድፍ ይሆናል። እርሾ ከ50 ዲግሪ በላይ ብዙ አይኖርም። የቸኮለች ጠማቂ ከምጣድ ያወጣችውን ትኩስ ደረቆት ስትገለብጥበት ሦስት ቀን ያሳደገችውን እርሾ በአንድ ደቂቃ ትቀቅለዋለች። ከዚያም «እርሾው አልሠራም» ትላለች። መለኪያው ቀላል ነው፤ እጅን ውስጡ አቆይቶ ሙቀት ካልተሰማ መጨመር ይቻላል።

ጥፋቱ የብቅሉ፣ ክሱ በእርሾው

እርሾ ዱቄት አይበላም፤ የሚበላው ስኳር ነው። የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅሉ ነው። ገብሱ ወይም ስንዴው ተነክሮ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች ይህን ያደርጋሉ። ብቅሉ ደካማ ከሆነ እርሾው በእህል መካከል ተቀምጦ ይራባል፤ ድፍድፉም ይተኛል።

ጥሩ ብቅል ቡቃያው ያወጣ፣ በፀሐይ የደረቀ፣ ሲሰበር የሚሰባበርና ጣፈጥ የሚል ነው። ለማድረቅ ተብሎ በምጣድ የተቆላ ብቅል መዓዛው ያምራል፤ ኢንዛይሙ ግን በእሳት ሞቷል። እርጥበት የነካው፣ የሻገተ ወይም ነቀዝ የገባበት ብቅል በርካሽ ቢገኝም አይገዛም፤ ሻጋታው ለጤና ጠንቅ ነው። ብቅል በማዳበሪያ አከማችቶ የሚሸጥ ነጋዴም ከወለሉ በርብራብ ካላነሣው፣ ከግድግዳውም ካላራቀው የራሱን ደንበኛ ያባርራል።

ጋንና በርሜል

በቀደመው ልማድ ጋኑ በግራዋ ይታሻል፣ ይታጠባል፣ በወይራ ወይም በጥንጁት ጢስ ይታጠናል። ጢሱ መዓዛ ይሰጣል፤ አበላሺ ተሕዋስያንንም ይቀንሳል። ሸክላው ግን ቀዳዳ ስላለው ካለፈው ጠመቃ የተረፈ እርሾ በግድግዳው ውስጥ ያድራል። የአሮጌ ጋን ጠላ ቶሎ የሚፈላው፣ አዲስ ጋን «እስኪለምድ» የሚያስቸግረው በዚህ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ በከተማ ብዙ ሰው የሚጠምቀው በፕላስቲክ በርሜልና በጀሪካን ነው። ፕላስቲክ ርካሽና ለማጠብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያለፈውን እርሾ አያቆይም። በአዲስ በርሜል የመጀመሪያው ጥንስስ ቢዘገይ አያስደንቅም። ለዚህ መፍትሔው ከሚታወቅ ጎረቤት አንድ ጭልፋ ጤናማ ጥንስስ መዋስ ነው። ለእንጀራ ሊጥ እርሾ መዋዋስ ነውር ያልሆነበት አገር ለጠላም ነውር አይሆንም፤ ወጪም የለበትም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ቀለም፣ ጸረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የተያዘበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይውልም። የጋን አፍ በጭቃ ሲመረግ ጋዙ ቀስ እያለ መውጫ ያገኛል፤ ጀሪካን ግን ክዳኑ ከተጠበቀ መውጫ የለውም። እየፈላ ያለን ጠላ በጀሪካን ወይም በጠርሙስ አጥብቆ መዝጋት ዕቃው እስኪፈነዳ መጠበቅ ነው። ክዳኑ ላላ ይደረጋል፤ ወይም ጋዝ የሚያስወጣ ቱቦ ይበጅለትና ጫፉ ውሃ ውስጥ ይነከራል።

የሱቁ እርሾ ቦታ የት ነው?

በኢትዮጵያ ሱቆች ከሚታዩት የዳቦ እርሾዎች መካከል የፈረንሳዩ ሳፍ ኢንስታንት፣ የቱርኩ ፓክማያና የቻይናው አንጀል ይገኙበታል። ሦስቱም የውጭ ምንዛሪ ዕቃዎች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚገባ እርሾ በማያስፈልግበት ቦታ ማባከን የበለጠ ያስወጣል። ጌሾው በአንጻሩ የአገር ውስጥ ገበሬ ምርት ነው፤ ዶላር አይጠይቅም።

የዳቦ እርሾ በጠላ ውስጥ አይሠራም ማለት ግን አይደለም። ስኳር ካገኘ አልኮል ያወጣል። ችግሩ በጥንስሱ ላይ ሲሞጀር በድንገት ገንፍሎ ይፈሳል፤ ጠላውም የሊጥ ሽታ ይይዛል፤ ቶሎ አይጠልም፣ ጉሽ ሆኖ ይቆያል። ጌሾው ቀስ ብሎ የሚሰጠው ምሬትና ለዛ ሳይደርስ ፍላቱ ያልቃል። እንግዳም ሆነ ደንበኛ ይህን በመጀመሪያው ጣሳ ይለየዋል።

ጥንስሱ በእርግጥ ሞቶ ከሆነ፣ ማለትም በተመቸ ሙቀት ሦስት ቀን ቆይቶ ምንም ምልክት ካላሳየ፣ እንደገና መጠንሰስ ይሻላል። የጠፋው ጌሾና ውሃ ብቻ ነው፤ እህሉ ገና አልገባም። የጠላ ሥራ ጥሩ ጎኑም ይኸው ነው፤ በጥንስስ ደረጃ መክሸፍ ርካሽ ነው፣ በድፍድፍ ደረጃ መክሸፍ ውድ ነው። ጥንስሱ ሳይፈላ እህሉን መጨመር ትንሹን ኪሳራ ወደ ትልቅ መለወጥ ነው።

እርሾ ሻጩም ቢሆን የሚጠበቅበት አለ። ባለ 500 ግራም እሽግ አየሩ ተመጥጦ እንደ ሸክላ ጡብ የደነደነ መሆን አለበት፤ ከለሰለሰ አየር ገብቶበታል። ተከፍቶ በትንንሽ ፌስታል እየተቋጠረ በሞቃት መደርደሪያ የሚውል እርሾ በየቀኑ ኃይሉን ያጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ስኳር አሟሙቶ አንድ ማንኪያ እርሾ መጨመር ነው። በ10 እና በ15 ደቂቃ መካከል አረፋ ካላነሣ ለዳቦም አይሆንም።

ፋብሪካው በገንዘብ የሚገዛው

በእርሾ መጨነቅ የጓዳ ጠማቂ ብቻ ሥጋት አይደለም። ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ መበላሸት መጽሐፍ ያሳተመው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። በ1883 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለው ዴንማርካዊ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ከአንድ ሕዋስ ብቻ የተራባ ንጹሕ እርሾ ለማምረት በቃ። የዛሬው የፋብሪካ ቢራ የቆመው በዚያ ላይ ነው።

ቢጂአይ ኢትዮጵያ በሐዋሳም ፋብሪካ አለው። እንደማንኛውም የላገር ቢራ ፋብሪካ ሥራው የተመረጠ እርሾ ይዞ፣ በቤተ ሙከራ እየመረመረ፣ በማቀዝቀዣ ታንክ ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ማብላላትን ይጠይቃል። ላገር እርሾ የሚሠራው ከ8 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው፤ በቤት ውስጥ ላገር ቢራ ለመሥራት ያሰበ የሐዋሳ ሰው አስቀድሞ የሚያጋጥመው ወጪም የማቀዝቀዣው ነው። ፋብሪካው ይህን ሁሉ የሚያወጣው የዛሬው ጠርሙስ ከትናንቱ እንዳይለይ ነው።

የጓዳዋ ጠማቂ እርሾውን በነጻ ታገኛለች፤ ዋስትናውን ግን አታገኝም። ዋስትናዋ ንጽሕናዋ፣ ዓይኗና ትዕግሥቷ ናቸው።

በባልዲ መጀመር

ስለዚህ ለገበያ ለመጥመቅ ያሰበ ሰው የመጀመሪያውን ጠመቃ በ100 ሊትር በርሜል መጀመር የለበትም። በ20 ሊትር ባልዲ ቢጀምር ኪሳራው ቢመጣ አንድ አምስተኛ ነው። በደብተር የሚያዘውም ብዙ አይደለም፤ ጌሾው ከማን እንደተገዛ፣ የተጠነሰሰበት ቀንና ሰዓት፣ የመጀመሪያው አረፋ የታየበት ሰዓት፣ ድፍድፉ የገባበት ቀን፣ የማገዶው፣ የእህሉና የጉልበቱ ወጪ። ሦስት ጊዜ ከተጠመቀ በኋላ ደብተሩ የዚያን ቤት፣ የዚያን ጓዳ ሙቀት ይናገራል። ያኔ የሩቅ አክስት ምክር በልክ ይሆናል።

ለበዓል ለሚጠምቅም ሒሳቡ ያው ነው። ሙከራው ከበዓሉ ሦስትና አራት ሳምንት ቀድሞ ከተደረገ ጥፋቱ ሲታወቅ ለማረም ጊዜ ይኖራል፤ ጌሾውም የበዓል ዋጋ ሳይደርስበት ይሸመታል። በዋዜማው ሳምንት የምትጠነስስ ጠማቂ ግን ጌሾውን በውድ ገዝታ፣ ዝም ያለውን ጥንስስ እያየች ትጨነቃለች። ወደ ሱቅ የሚያስሮጣትም ያ ጭንቀት እንጂ የእርሾ እጥረት አይደለም።